ከሲኒያው የቀረው በያጅ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ፣ የሻይ ሻጯ የኡምሰልማ ሻይ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ይቅር። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ቃል እውነት ናት፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው ሁሉ ጋሼ ቱርካ ይለኛል። ከሐጅ አደም የብየዳ ወርሻ በር ፊት ለፊት ሸራ ዘርግቼ ያገለገለ የትራክተርና የሎሪ ዕቃ እሸጣለሁ። በዚያ በር የገባ ብረት፣ የወጣ ሰው፣ የተባለ ነገር ሁሉ እኔን ሳይረግጥ አያልፍም።

እንግዲህ ስሙ።

ረፋድ ላይ ነው፤ ሲኒያው ቀርቧል። ሲኒያ ያ እንደ ጋሪ ጎማ የሰፋው ትሪ ነው፤ መሐሉ ላይ ፉል፣ ዙሪያውን ዳቦና ሽንኩርት። ሐጅ አደምም ሠራተኞቹም እጃቸውን ታጥበው፣ አሠሪና ሠራተኛ ሳይሉ፣ መሬት ላይ ከበው ተቀምጠዋል። ስለሺ ብቻ ከማረሻው ሥር አልወጣም። ብልጭታው በዲስኮቹ መሐል እየተረጨ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

"ስለሺ፣ ፉሉ ቀዘቀዘ እኮ" አለው ሰልማን፣ የድንበሯ ከተማ የገላባት ሰው፣ የወርሻው አንጋፋ።

"ብሉ። እኔ ይቅርብኝ" አለ ስለሺ፣ ጭምብሉን ሳያነሳ።

ያን ጊዜ የስድስት ሰው እጅ ቁራሽ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ በሐጅ አደም ወርሻ "ደሞዝ ይጨመርልኝ" ተብሎ በአፍ አይጠየቅም። ነውር ነው። ዩኑስ የሚባል አንድ ቀጥቃጭ ባለ ትራክተሮች ባሉበት አፍ አውጥቶ ጠይቆ፣ ሐጁ በሳቅ "ገላባት ላይ በቀን ስንት ሰው ይሻገራል?" ብሎ መለሰለት፤ በሦስተኛው ቀን የዩኑስን መዶሻ ሌላ ሰው ይዞት ነበር። ቅር ያለው ሰው የሚያደርገው ከሲኒያው መቅረት ነው። ሐጁ ደግሞ የራሱ ሰው ሳይበላ እያየ ምግብ አይወርድለትም። ወይ በዚያው ቀን ወይ በማግሥቱ ለብቻ ጠርቶ "ምን ሆነሃል?" ይላል። ያኔ መናገር ነው። ሰልማን እንዲህ አድርጎ ተጨምሮለታል። ሌላም ሌላም ሰው።

ምክሩን ለስለሺ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን ሊሰጠው ኖሯል? እኔ በወጣትነቴ ሀዋታ አንድ የእርሻ ባለቤት ዘንድ ስሠራ ከሲኒያው ብቀርበት፣ ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ በመጨረሻ የእርሻውን ግማሽ ልስጥህ አለኝ። ግማሽ እርሻ ምን ይሠራልኛል ብዬ ትቼለት መጣሁ። ደግ ሰው ነበር፣ አሳዘነኝ።

ስለሺ ያኔ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ወላጆቹ በዚያ በክፉ ቀን ከጎንደር በኩል በእግራቸው የወጡ፣ እሱ ካምፕ ውስጥ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ ሲቆጣ በዓረብኛ ሲያፍር በአማርኛ የሚናገር ልጅ ነው። ስለሚያፍር አማርኛው ጥሩ ነው። የእጁን ነገር ግን አታንሱ። የበየደውን ብረት በጣታችሁ ብትዳስሱት ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ አታገኙትም፤ ጉንዳን ተንሸራታ ስትወድቅበት በዓይኔ አይቻለሁ። መዶሻውን ሲያነሳ ድምፁ ኸሽም ኤል ቂርባ ደርሶ ግድቡ ላይ ዓሣ ያስበረግግ ነበር።

ወሩም ሰኔ ነበር። ዝናብ ከመጣሉ በፊት ማረሻው ሁሉ ካልተጠገነ ያ ሁሉ ጥቁር መሬት ሳይታረስ፣ ሰሊጡም ማሽላውም ሳይዘራ ይቀራል። የትራክተሩ ሰልፍ ከወርሻው በር ተነስቶ ጫፉ ሀዋታ ነው ቢባል አላጋነንኩም። በዓመት ውስጥ በያጅ የሚለመንባት ወር ያች ብቻ ናት። አንዴ ዝናቡ ከያዘ ጭቃው መንገዱን ይዘጋል፣ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ በያጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ስለዚህ ስለሺ የሚጠይቅ ከሆነ አሁን ነው፤ አሁን ካልጠየቀ ለዘንድሮ የለም።

ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ፅናት የለችም።

ፅናት የአያ ጋረደው ልጅ ናት። ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ ትለቅማለች፤ ማታ ስትወጣ ቅንድቧ በገለባ ነጭ ሆኖ፣ የሰማኒያ ዓመት አሮጊት መስላ፣ ስትስቅ ብቻ ወደ ዕድሜዋ የምትመለስ ልጅ ናት። ከስለሺ ጋር የተነጋገሩት ገና ካምፕ ሳሉ ነው። አያ ጋረደው ስለሺን አይጠላውም። ግን ጎጆው ሦስት ጊዜ ተቃጥሎበታል። ሦስት የምለው እኔ ነኝ፣ እሱ አንድ ጊዜ ይላል፤ አንዱ ግን ታናሽ ልጁን ይዞ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሣር ያለበት ጣሪያ ሥር አይተኛም፣ ሜዳ ላይ ነው የሚተኛው። "ልጄን ለሣር ቤት አልሰጥም" አለ። "ቆርቆሮ ያለበት አንዲት ክፍል ተከራይ፣ ውሰዳት። የሰኔ ጾም ሲፈታ ካላገኘህ፣ ካርቱም ያለች አክስቷ ሥራ አግኝታላታለች።"

ካርቱም የሄዱትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሰው ቤት ይገባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ይደውላሉ። በሁለተኛው ዓመት የሚደውሉት በበዓል ነው። ከዚያ ስልኩ አይሠራም፤ ከዚያ አንዱ ሊቢያ አየኋት ይላል፣ ሌላው አይደለችም ይላል። ይኼን ማጋነን አልችልም፤ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አስቂኙ ነገር፣ ገዳሪፍ ውስጥ የቆርቆሮ በር ያለው ሰው ሁሉ በሩን የበየደለት ስለሺ ነው። ለራሱ ግን ከአንዱም በር ኋላ የሚያስተኛ ደሞዝ የለውም። እና እሁድ አመሻሽ ላይ መጥቶ አሮጌ ጎማዬ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጀምር?"

"አንተ አትጀምርም። እሱ ነው የሚጀምረው። አንተ አትበላም፣ በቃ።"

"ባይጠይቀኝስ?"

"ሐጅ አደም? ሰውየው እኮ ዝንብ ከሲኒያው ብትቀር በስሟ ጠርቶ የሚፈልግ ነው።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ያ የሚፈራው ነገር ፊቱ ላይ መጣ። ሐጅ አደም ለስለሺ አሠሪ ብቻ አይደለም። ከሻ የሚሉት አፈሳ ሲመጣ፣ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሁሉ በመኪና እየጫኑ ወደ ድንበር ሲወስዱ፣ ጣቢያ ድረስ ሄዶ "ይህ የእኔ ነው" ብሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ አውጥቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ምግብ አልበላም ማለት ስለሺን እንደ ክህደት ከበደው። እኔ ግን ደፋር አደረግሁት፤ እኔ ካናገርኩት በኋላ አንበሳ ቢያገኝ ጆሮውን ይዞ ይጎትተው ነበር።

ሰኞ እንዲያ ሆነ፤ ከሲኒያው ቀረ። ሐጁ አየው፤ ዳቦውን በዝግታ አኘከ። ስለሺ ከሰዓት በኋላ ሆዱ ሲጮህበት ኡምሰልማ ዘንድ ሄዶ ሻይና ዳቦ ያዘና፣ ወርሻው ግቢ ውስጥ ለዘመናት የቆመ አንድ ሞተር የሌለው ሎሪ አለ፣ ከእሱ ኋላ ተደብቆ በላ።

ማክሰኞ ሐጁ ከሲኒያው መሐል ተነሳ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐጅ አደም ከጀመረ በኋላ የሚያስነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። መጥቶ ስለሺ የሚበይደው ማረሻ አጠገብ ቆመ። ስለሺ ጭምብሉን አነሳ። እኔም ከሸራዬ ላይ ተነስቼ፣ ብሎን የወደቀብኝ መስዬ፣ ተጠጋሁ።

"ደህና ነህ?" አለው ሐጁ በዓረብኛው።

"ደህና ነኝ፣ ያ ሐጅ።"

"አላመመህም?"

"ምንም አላመመኝም።"

ሐጁ ጢሙን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ሲኒያው ተመለሰ። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። ዞር ሲል ስለሺን ያዝኩትና በሩን ከፍቶልህ ምነው አልገባህም አልኩት።

"ምን ሆነሃል አላለኝም እኮ፣ ጋሼ። ደህና ነህ ነው ያለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።"

ምን ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራው እንጂ አፉ አይመግበውም።

ረቡዕ ዕለት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሲኒያው ሊቀመጥ ሲል ሐጁ እጁን አነሳና ቁሙ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ማረሻቸውን የሚጠብቁት ባለ ትራክተሮችም ሁሉ ሰሙ። ልጅ ሳለ ጎረቤቶቻቸው ሐበሾች ነበሩ አለ፤ ዝናብ ሊገባ ሲል ይጾሙ እንደነበር ትዝ ይለዋል፤ እናቱ በዚያ ሰሞን ሥጋ ስትጠብስ በሩን ትዘጋ ነበር። እሱ ግን ሸምግሎ ረስቶት፣ ልጁን ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱ ላይ ፉል አስሽትቶታል።

"በረመዳን ይህ ልጅ በእኛ ፊት ውኃ ጠጥቶ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀ።

ጠጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ቃጠሎ፣ እሳት ፊት ተደፍቶ እየዋለ፣ ውኃ ሲጠማው ግቢውን ዞሮ ነበር የሚጠጣው።

"እንግዲያው ተራው የእኛ ነው። ሲኒያው ከሎሪው ኋላ ይዙር። ወለዲ፣ ልጄ፣ ጌታ ይቀበልልህ።"

አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የሰኔን ጾም የሚጾሙት ቄሶችና አሮጊቶች ናቸው። እኛ የቄስ ጾም ነው ብለን ትተነዋል። ስለሺ ደግሞ ሁዳዴንም ቢሆን እየሸራረፈ የሚጾም ልጅ ነው። ከሲኒያው የቀረው ለአምላክ ሳይሆን ለቤት ኪራይ ነው። አፉን ከፈተ። ሐጁ እያየው ነበር፤ ዓይኑ እንደ አባት ዓይን ነበር። ባለ ትራክተሮቹ እያዩት ነበር፤ አንዱም "ማ ሻአላህ" አለ። ስለሺ አፉን መልሶ ዘጋ።

ይባስ ብሎ፣ ሲኒያው ተነስቶ ወደ ሎሪው ኋላ ሲሄድ ስለሺ ለዚያ ቀን የደበቀው ዳቦ እዚያው ነው ያለው፤ ጎማው ላይ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። እኔ ባልኖር ኖሮ አልቆለት ነበር። እንደ ነብር ዘልዬ፣ በሎሪው ሥር በደረቴ ተስቤ፣ ዳቦውን በጥርሴ ነክሼ በሌላኛው በኩል ወጣሁ። ማንም አላየኝም። ማንም አላየኝም ማለት ምን ያህል ፈጣን እንደሆንኩ ነው የሚያሳየው።

ያን ቀን ማታ መጋዘኑ በር ላይ ፅናትን ሲጠብቃት እኔም በአጋጣሚ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። ጆሮዬ ደግሞ ሩቅ ይሰማል።

"ጠየቅኸው?" አለችው፣ ሻሿን ፈታ ገለባውን እያራገፈች።

"ጾም ላይ ነህ ብሎኛል።"

"ምን?"

ነገራት። ስትሰማ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯ ጀምሮት ነበር። ከዚያ ተወችው።

"ታዲያ አይደለም በለው።"

"ሲኒያውን አዙሮልኛል እኮ። ሰው ሁሉ ፊት። አሁን ሄጄ አልጾምኩም፣ ገንዘብ ፈልጌ ነው ልበለው? ሃይማኖቱን ለገንዘብ ሰበብ አደረገው አይለኝም?"

"አንድ ቃል ነው፣ ስለሺ።"

"ብረት ቢሆን በይጄ አመጣልሽ ነበር።"

ያን ጊዜም አልሳቀችም። ሻሿን መልሳ አሠረችና አባቷ ካርቱም ከሚሄድ የሎሪ ሹፌር ጋር መነጋገሩን ነገረችው። በጆንያ ሰሊጥ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሄዱት፣ እሷና ሌሎች ሁለት ልጆች። ይኼን ስትናገር ዓይኗ ጣቶቿ ላይ ነበር። ሰሊጥ ለቃሚ ጣቱን የሚያየው አሸዋ ቀርቶበት እንደሆነ ነው፤ እሷ ግን ምንም አትለቅምም ነበር። እሱም የምትሄጂበት ልብስ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እንደዚህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ አልሰማሁም። ቅሪልኝ ማለት አቅቶት ልብስ አለሽ ወይ አላት።

"አለኝ" አለችው።

ሐሙስ ማለዳ እኔ ለአንድ ትልቅ ሰው ማርሽ ላመጣ ገላባት ሄድኩ። ሌላ ሰው ለዚህ ጉዞ ሄዶ አድሮ ነው የሚመለሰው። እኔ ግን የተሳፈርኩበት ሎሪ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ወርጄ በትከሻዬ አወጣሁትና፣ ድንበሩ ላይ ያሉት ወታደሮች ተነስተው ሰላምታ ሰጡኝና፣ ማርሹን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸራዬ ላይ ነበርኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ልክ በሰዓቱ።

ሐጅ አደም ከቤቱ ይመጣ ነበር። በገዛ እጁ ሳህን ይዟል፤ ሳህኑ በቀይና በጥቁር ሰበዝ በተሠራ ክዳን ተሸፍኗል። ያ ሰውየ ውኃ እንኳ በራሱ እጅ ቀድቶ አይጠጣም። ማረሻው አጠገብ ቆመ። ክዳኑን አነሳ። ምስር በዘይት፣ ደረቅ ባሚያ፣ ትኩስ ኪስራ፣ ያ ስስ የማሽላ እንጀራቸው።

"በዘጠኝ ሰዓት ነው የምትፈቱት፣ አይደል?" አለው። "ራሒማ ራሷ ናት የሠራችው። ቅቤ የለበትም። ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።"

ስለሺ ሳህኑን ተቀበለ። ሚስቱ ራሒማ ዓይኗ ደክሟል፤ ምስሩን አንድ በአንድ በጣቷ ዳስሳ ነው የለቀመችው። በሳህኑና በስለሺ መሐል አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። በስለሺና በፅናት መሐል ግን ሙሉ ሱዳን ሊገባ ነው። ጾሙ እስኪፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ደመናውም በገላባት በኩል ጠቁሮ ነበር።

እናም አሁን የሚመጣውን በደንብ ስሙኝ። ስለሺ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቆመ። በቆመ ጊዜ ራሱ የወርሻውን ጣሪያ ነካ። ጭምብሉን ወረወረ።

"ያ ሐጅ" አለ፣ ድምፁም ሲወጣ የትራክተሮቹ ሞተር ሁሉ በራሱ ጊዜ ጠፋ። "ጾም ላይ አይደለሁም። ይህን ሁሉ ማረሻ በእጄ አቁሜልሃለሁ። የምወዳት ልጅ ልትሄድብኝ ነው። ጨምርልኝ።"

ሐጅ አደም አለቀሰ። እንባው በጢሙ ወርዶ ጃለቢያውን አራሰው፤ የወርሻው አቧራ ጭቃ ሆነ። ስለሺን አቅፎ ሳመው፣ ደሞዙን እጥፍ አደረገለት፣ የእኔን ብልኃት ሰምቶም መጥቶ ጨበጠኝ። ሐምሌ አምስት ቀን ጾሙ ተፈታ፣ በማግሥቱ ሠርግ ሆነ፤ ሽማግሌውም ሚዜውም እኔ ነበርኩ። ክፍላቸው ላይ የተጣለው ቆርቆሮ ከማብረቅረቁ የተነሳ የኸሽም ኤል ቂርባ ሰዎች ጨረቃ ወጣች ብለው ተነስተዋል። አያ ጋረደውም ከዚያ ሥር ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይባንን አደረ።

ይህን ታሪክ ባለፈው ሰሞን ኡምሰልማ ዘንድ ሻይ እየጠጣሁ ከመተማ ለመጡ ሦስት የሎሪ ረዳቶች ስነግር ልክ እዚህ ላይ ደርሼ ነበር። ሰኔ ነው፤ ነገሩ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት አልፎታል። አንደኛው ረዳት ልጆች ወለዱ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አራት አልኩት፣ ስማቸውን ልጠራለትም አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ ቱርካ" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር አልኩ። ስለሺ ነበር። ጭምብሉን ብብቱ ውስጥ ይዞ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደመጣ አላየሁትም፤ ኡምሰልማም ሻይ አልቀዳችለትም። ቁጣ አልነበረበትም። ክብሪት እንደሚለምን ሰው ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

"ያን ቀን አንተ ገላባት ነበርክ። ያደርከውም እዚያው ነው።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እሱ ግን ለእኔ ሳይሆን ለእንግዶቹ ነበር የሚናገረው።

"ከሲኒያው የቀረሁትም ማንም መክሮኝ አይደለም። እንዴት ብዬ እንደምጠይቀው ሳስብ ምግብ አልወርድ እያለኝ ነው።"

"ታዲያ ሳህኑን ሲያመጣልህ ምን አልከው?" አለ ረዳቱ።

"ምን እለዋለሁ። በላሁ። ሳህኑን አጥቤ መለስኩለት። ጾመኛ ካለኝ ብዬ፣ ከማግሥቱ ጀምሬ ጾምኩ።"

ረዳቱ ስለ ልጅቷ ሊጠይቀው ፈልጎ ወደ እኔ አየ። እኔ ሻዬን አየሁ። ስለሺ ግን ሳይጠየቅ፣ እሷ የሄደችበት ሎሪ የተነሳው በማለዳ ነበር አለ፤ እሱ ማረሻ ሥር ሆኖ ጡሩምባውን ሰምቶታል።

ኡምሰልማ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ብርጭቆ አቀረበችለት። መዳፉን ብርጭቆው አፍ ላይ አደረገና ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ።

"ሐጁ ዛሬም ሳህን ይልካል" አለ። "ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው።"